ከሩብ ዙር በላይ አታዙሩ፦ የቤዝ ጊታር ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

መስከረም ጠብቷል፣ ዝናቡ እየሳሳ ነው፣ የጥር ሠርግም ሩቅ አይደለም። ቤዝ ያላችሁ ሁሉ ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር አትርሱ፦ ባለ ስንት ክር እንደሆነ፣ ችግሩ በየትኛው ክር፣ ስንተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተሰካው ብረት) ላይ እንደሚሰማ፣ ክሩ ከተቀየረ ስንት ጊዜው እንደሆነ።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ቤዜ ዝዝ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። የትኛው ክር? ስንተኛው ፍሬት? በአምፕ ውስጥ ይሰማል ወይስ አምፕ ሳይሰካ ብቻ? ይህን ንገረኝና እመለስበታለሁ።

ከግሽ ዓባይ፦ ክረምት ሲገባ ትረስ ሮዱን፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት፣ ማጥበቅ፣ በጋ ሲመጣ ማላላት ነው ይላሉ። እንዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ ላድርገው?

መልስ፦ አታድርገው። ብዙ ትረስ ሮድ የተበላው በዚህ ወሬ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ።

አንገቱን ሁለት ኃይሎች ይስቡታል። አራቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በድምሩ ከ70 ኪሎ በላይ ወደ ፊት ይጎትቱታል፤ በውስጡ ያለው ብረት ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሁለቱ ሲመዛዘኑ አንገቱ መሐሉ ላይ ለዓይን የማትታይ ጎድጓዳ ይይዛል። ክር ሲመታ በሰፊው የሚወዛወዘው ወደ መሐሉ ስለሆነ ያቺ ጎድጓዳ የግድ ነው። አሁን እርጥበቱ ይምጣ። የአንገቱ ጀርባ ብዙ ጊዜ ቫርኒሽ አለው፤ ፊቱ፣ ፍሬቶቹ የተሰኩበት፣ ሮዝውድ እንጨት ከሆነ ግን ባዶውን ነው። ስለዚህ እርጥበት የሚገባውና የሚወጣው በፊቱ በኩል ነው። ፊቱ እርጥበት ጠጥቶ ሲለጠጥ አንገቱ ወደ ኋላ መጉበጥ ይቀናዋል፤ ደርቆ ሲኮማተር ወደ ፊት። ፊትና ጀርባው ቫርኒሽ የተቀባ ሜፕል ግን በዝግታ ነው የሚንቀሳቀስ፣ በሌላ አቅጣጫም ሊሄድ ይችላል። በአንድ ቤት፣ በአንድ ሐምሌ፣ ሁለት ቤዞች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎብጣሉ። ወሩ አይነግርህም፤ መለኪያው ነው የሚነግርህ።

አለካኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክሩን ቃኝ። ሳይቃኝ የተለካ ልክ አይደለም። ቤዙን ጠረጴዛ ላይ አታስተኛው፣ እንደምትጫወተው ጭንህ ላይ ያዘው። 1ኛውን ፍሬት በካፖ (ክር መጫኛ መቆንጠጫ) ወይም በግራ እጅህ ተጫን፣ በቀኝ እጅህ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበትን፣ 17ኛውን አካባቢ ተጫን። አሁን ወፍራሙ ክር ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆኖልሃል። 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ አናት መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊሜትር ከሆነ አትንካው። መለኪያ ከሌለህ መካኒክ ለቫልቭ ክፍተት የሚጠቀምባትን የቅጠል መለኪያ ተዋስ። እሷም ካልተገኘች ከአኩስቲክ ጊታር ባለ 12 (ቀጭኗ 0.012 ኢንች የሆነች) ጥቅል ቀጭኗን ክር ውሰድ፤ ውፍረቷ 0.30 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ ውስጥ ገብታ ከላይ ያለውን ክር ሳታነሳ በጭንቅ ካለፈች አንገትህ ደህና ነው።

ክፍተቱ ከበዛ የትረስ ሮዱን ብሎን ወደ ሰዓት አቅጣጫ አጥብቅ፣ ከጠፋ አላላ። አንዴ ስታዞር ስምንተኛ ዙር፣ በአንድ ቀን ከሩብ ዙር በላይ አታዙር። ካዞርክ በኋላ እንደገና ቃኝ፣ እንደገና ለካ። እንጨት የሚታዘዘው ቀስ ብሎ ነው፤ ማታ አስተካክለህ ጠዋት ሌላ ቁጥር ልታገኝ ትችላለህ። ብሎኑ እምቢ ካለህ ክሩን አላልተህ ሞክር፤ አሁንም እምቢ ካለ ብሩጎላውን፣ ባለ ስድስት ጥግ መፍቻውን፣ አስቀምጥና ለሚያውቅ ሰው ስጠው።

የብሩጎላው መጠን ደግሞ ልክ ይሁን። አሜሪካ የተሠራው ብዙ ጊዜ በኢንች ነው። 3 ለ16 ኢንች ማለት 4.76 ሚሊሜትር ነው፤ እዚያ ውስጥ 4.5 ብሩጎላ ከተህ ብታዞር ጥጉን ትበላዋለህ። ጥጉ ከተበላ ጥገናው ሌላ ቤዝ ከመግዛት ብዙ የማያንስበት ጊዜ አለ።

ከፋሲሎ፦ አክሽኑ፣ ክሩ ከፍሬቱ ያለው ከፍታ፣ በዝቶብኛል፣ ጣቴን ይጎዳኛል። ትረስ ሮዱን ባጠብቀው ዝቅ ይልልኛል?

መልስ፦ አይ! ትረስ ሮድ የአክሽን ማስተካከያ አይደለም። ከላይ የጻፍኩትን አንብቢና መጀመሪያ አንገቱን ለኪ። አንገቱ ልክ ከሆነ በኋላ ወደ ብሪጁ፣ ክሮቹ አካሉ ላይ ወደሚታሰሩበት ብረት፣ ሂጂ፤ በሳድሎቹ (ክሮቹ በሚያርፉባቸው ትንንሽ ብረቶች) ላይ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች እያዞርሽ 17ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ወፍራሙን 2.4፣ ቀጭኑን 2 ሚሊሜትር አድርጊ። በኃይል የምትመቺ ከሆነ ግማሽ ሚሊሜትር ጨምሪ። ከዚያ ኢንቶኔሽን (ክሩ በየፍሬቱ ልክ ቅኝት እንዲኖረው ማድረግ)፣ ከዚያ የፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚይዘው ማግኔት) ከፍታ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ ቅኝት፣ አንገት፣ አክሽን፣ ኢንቶኔሽን፣ ፒክአፕ። አንዱን ዘለሽ ሌላውን ብታስተካክዪ ተመልሰሽ ትሠሪዋለሽ።

ከሐሙሲት፦ ኢንቶኔሽን እንዴት ይስተካከላል?

መልስ፦ በአዲስ ክር። ክሩ ካረጀ አትልፋ። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫን በጣትህ ብቻ ነክተህ ሃርሞኒኩን ምታ፣ ከዚያ እዚያው ተጭነህ ምታ፣ በቲዩነር አወዳድር። ተጭነህ የመታኸው ከፍ ካለ ሳድሉን ከአንገቱ አርቀው፣ ዝቅ ካለ አቅርበው። በነካኸው ቁጥር ቃኝ።

ከዓባይ ማዶ፦ ባለ 4 ክር ልግዛ ባለ 5? ለባህል ዘፈን ነው።

መልስ፦ ባለ 4።

ከቀበሌ 14፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ዘፋኙ ቅኝቱን ዝቅ ሲያስደርግ ባለ 4 ይዞ ከሚ በታች መውረድ አይቻልም። ባለ 5 ይዞ ያለ ጭንቀት ነው።

ከዓባይ ማዶ፦ ልክ ነው፣ ዘፋኛችን ሁልጊዜ ዝቅ አድርጉልኝ ይላል።

ከፋሲሎ፦ የክራር ተጫዋቹ ለራሱ ድምፅ እንደተመቸው ይቃኛል። ባለ 5 ቢሆን ባለ 6፣ ከእሱ ጋር ካልገጠመ ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ ሁለት ጉዳይ አቀላቅላችኋል። የባለ 5 ታችኛዋ ሲ 30.9 ኸርዝ ናት፣ የባለ 4 ታችኛዋ ሚ ደግሞ 41.2። አብዛኛው የሠርግ ድንኳን ስፒከር ሚዋንም በደንብ አይደርስባትም። ሲዋን ስትመታ የምትሰማው ከሷ በላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ነው፣ መሠረቱ አይወጣም፤ አምፑ ግን እሱን ለማውጣት ይደክማል። ጥሩ የቤዝ ካቢኔት ካላችሁ ባለ 5 ግዙ፣ አልከራከርም። ከሌላችሁ ግማሽ ድምፅ ወይም አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መቃኘት ይበቃል። ሲላላ ክሩ እንዳይልፈሰፈስ በ105 ፋንታ 110 የሚጀምር ጥቅል ግዙ (ቁጥሩ የወፍራሙ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች ነው)፤ ውጥረቱ ስለሚለወጥ ግን አንገቱን እንደገና ለኩ።

ክራሩ ከ440 ኸርዝ፣ ከተለመደው የላ መነሻ፣ ወጥቶ ከተቃኘ ቤዙ ወደ ክራሩ ይሂድ። ቲዩነራችሁ ላይ መነሻውን የሚቀይር ቁልፍ አለ፤ ብዙዎቹ ከ430 እስከ 450 ይሄዳሉ። ክራሩ ላ ሲመታ ቲዩነሩ የሚያነበውን እዩ፣ መነሻውን እዚያ አድርጉ፣ አራቱንም ክር በዚያ ቃኙ። በጆሮ አንድ ክር ብቻ አስጠግቶ ሌላውን መተው ግን የቡድኑን ድምፅ ያበላሻል።

ከዘጌ፦ በአንቺሆዬ ላይ የቤዝ መስመር እንዴት ነው የሚሠራ?

መልስ፦ ከዶ ብትነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው። መስመሩን ከመሰንቆ ተጫዋች ተማር፤ የኔ ሥራ መሣሪያው ነው።

ከዘጌ፦ እሺ፣ ሌላ ልጠይቅ። ከሐይቁ ዳር ነው የምኖር። የጣና ነፋስ ክሩንና ብሪጁን አያዝገውም?

መልስ፦ ጣና ጨው የለውም። የሚያዝገው ላብህና በመያዣው ውስጥ ታፍኖ የሚቀር እርጥበት ነው። ስትጨርስ ክሩን ከላይም ከሥርም በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ዝናብ የነካውን ቦርሳ ሳይደርቅ አትዝጋ። በጀልባ ስታሻግረው በላስቲክ ጠቅልለው፣ ስትደርስ ወዲያው ፍታው።

ከዳግማዊ ምኒልክ፦ ክር ውድ ሆኗል። ቀቅለው የሚጠቀሙ አሉ፤ ይሠራል?

ከቀበሌ 14፦ ይሠራል፣ እኛ ሁልጊዜ እንቀቅላለን።

ከግሽ ዓባይ፦ መቀቀል ክሩን ይገድላል። አልኮል ውስጥ መዘፍዘፍ ነው የሚሻለው።

ከቀበሌ 14፦ አልኮል የክሩን ዋጋ ያህል ሊያስወጣህ ነው።

መልስ፦ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ሁለቱም አጭር ናቸው። በክሩ ጥምጥም መሐል የገባው ላብና ቆሻሻ ስለሚወጣ ድምፁ ለጥቂት ቀን ይበራል። ፍሬቱ የቆረጠውን ጠባሳ ግን ምንም አይመልሰውም፤ ክሩን ከሥሩ በጣትህ ዳብሰው፣ ጎርበጥ ካለህ ጣለው። የምትቀቅል ከሆነ 10 ደቂቃ በቂ ነው፤ አውጥተህ ፀሐይ ላይ ፍጹም አድርቀው፣ አለዚያ ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል። ለስላሳውን፣ ፍላትዋውንዱን፣ አትቀቅሉ። አልኮል ደግሞ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አንድ ሌሊት፣ ከከሰልና ከምድጃ ርቆ።

ስትመልሱት ክሩን ከመቃኛው ዘንግ 10 ሴንቲሜትር ያህል አሳልፋችሁ ቁረጡ፣ ጫፉን ዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ ክተቱ፣ 2 ወይም 3 ጊዜ ወደ ታች አጠምጥሙ። አንድ ጊዜ ብቻ ከተጠመጠመ ቅኝት አይይዝም። አራቱንም በአንድ ጊዜ አትፍቱ፣ አንድ በአንድ ቀይሩ።

ከፋሲሎ፦ አምፑ ኡኡኡ ይላል፣ ክሩን ስነካው ይጠፋል። የመብራት ችግር ነው?

መልስ፦ ክሩን ስትነኪ ከጠፋ ከብሪጁ ወደ ውስጥ የሚሄደው የኧርዝ ሽቦ ደህና ነው፤ የጎደለው የውስጡ መከለያ ነው። የፒክአፑና የቁልፎቹ ጉድጓድ በመዳብ ቴፕ ተሸፍኖ ከኧርዙ ጋር ቢያያዝ ይቀንሳል። ክሩን ስትነኪ ምንም ካልተለወጠ፣ የኬብሉን ጃክ ስትነኪ ግን ከጠፋ፣ የብሪጁ ሽቦ ተቆርጧል፤ ብሪጁን ፈትተሽ እይው። ቤዝሽ ጃዝ ቤዝ ዓይነት፣ ባለ ሁለት ነጠላ ፒክአፕ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ክፈቺ፤ ሁለቱ ጫጫታውን ይሰራረዛሉ።

እዚህ ላይ ግን ሁላችሁም አድምጡኝ። ኡኡታውን ለማጥፋት የሶኬቱን ሦስተኛ እግር የምትቆርጡ አላችሁ። አትቁረጡ! ያ እግር ሕይወታችሁ ነው። አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ሳጥኑን ቢነካ፣ 220 ቮልት በኬብሉ በኩል ወደ ክራችሁ ይመጣል። እጃችሁ ክሩ ላይ፣ ከንፈራችሁ ማይኩ ላይ ሲሆን መንገዱ በደረታችሁ ነው። ድንኳን ውስጥ፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ በጄኔሬተር ስትሠሩ አደጋው እጥፍ ነው። የቤዙ አምፕና የማይኩ ሚክሰር ከአንድ ኧርዝ ካለው ሶኬት፣ በአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ። ከመዝፈናችሁ በፊት ማይኩን በቴስተር ወይም በእጅ ጀርባ ሳይሆን በመልቲሜትር ፈትኑ፦ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ብረት ላይ አድርጋችሁ በኤሲ ለኩ። ጥቂት ቮልት እንኳ ካነበበ አትጫወቱ፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪሲያኑ ይምጣ። በሁለት ዕቃ መሐል የሚመጣውን ኡኡታ ዲአይ ቦክስ (ቤዙን ከሚክሰሩ የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ ያለው የኧርዝ ማቋረጫ ያጠፋዋል፤ እሱ የሚያቋርጠው የድምፁን መስመር እንጂ የመብራቱን አይደለም።

ከሐሙሲት፦ ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ አምጥቶልኛል፣ ልሰካው?

መልስ፦ ጀርባውን አንብብ። 120 ቮልት ብቻ ካለ እንዳትሰካው፣ ወዲያው ይቃጠላል። ጀርባው ላይ ከተጻፈው ዋት በላይ የሚችል 220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ። የመምረጫ ማብሪያ ካለው መጀመሪያ 230 ላይ አድርገው። መብራት ሲሄድ ማጥፋቱን አትርሳ፤ ሲመለስ ነው የሚጎዳው።

ከዓባይ ማዶ፦ አክቲቭ ቤዝ፣ ውስጡ ባትሪ ያለው፣ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ባትሪ ይጨርሳል።

መልስ፦ ኬብሉን ሰክተህ ትተኛለህ። ጃኩ ነው ማብሪያው፤ ስትጨርስ ንቀለው። አዲስ 9 ቮልት ባትሪ ሲለካ ከ9 በላይ ማንበብ አለበት፤ ከሱቅ ስትገዛ ለክተህ ውሰድ። ጠንከር አድርገህ ስትመታ ድምፁ ከተሰባበረ ባትሪው አልቋል።

ከበላይ ዘለቀ፦ የትኛው ቤዝ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? በስንት ብር? አዲስ ነው ያገለገለ? ጥያቄው ይህን ካልያዘ አልመልስም። ያገለገለ ከሆነ ስሙን ሳይሆን አንገቱን እይ። ከብሪጁ በኩል አንድ ዓይንህን ጨፍነህ በአንገቱ ጠርዝ ተመልከት፤ ከተጠማዘዘ አትግዛው፣ ትረስ ሮድ ጠመዝማዛ አያቃናም። ብሩጎላ ይዘህ ሂድ፣ ባለቤቱ ባለበት ስምንተኛ ዙር ሞክርና መልሰው። ሁሉንም ፍሬት በሁሉም ክር ምታ። እጅህ ትንሽ ከሆነ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ከሆነው ይልቅ 30 ኢንች የሆነውን አጭር ቤዝ ሞክር፣ ነውር የለውም።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ተመለስኩ። ባለ 4 ነው፣ ክሩ አዲስ ነው፣ ፊቱ ሮዝውድ ነው። በአምፕ ውስጥም ይሰማል። ወፍራሙ ክር ላይ ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ነው። ቃኝቼ ለካሁት፤ የ12ቷ ቀጭን ክር 7ኛው ላይ ጭራሽ አትገባም።

መልስ፦ ጎበዝ! አሁን ተነጋገርን። የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ብቻ ሲጮኹ አንገቱ ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ጎብጧል፤ ያንተ ክረምቱን የጠጣ ፊት ይመስላል። ብሎኑን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ስምንተኛ ዙር አላላው። ቃኝ፣ አሳድረው፣ ጠዋት ለካ። ያቺ ክር በጭንቅ ካለፈች ተወው። ካላለፈች ሌላ ስምንተኛ። በጋው ሲገባ ፊቱ ሲደርቅ ወደ ፊት ሊመለስብህ ስለሚችል ኅዳር ላይ እንደገና ለካና ቁጥሩን ንገረኝ።