ካምፐሩ (ማደሪያ ያለው መኪናህ) ቦታ ሲቀይር የሳተላይት ቲቪ ሲግናል ለጠፋብህ

«አዲስ ቦታ ስቆም ሪሲቨሩ የሲግናሉን ጥንካሬ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ኳሊቲው (ጥራቱ) ግን ዜሮ ነው» ላልከው፣ ዲሹ የተበላሸ አይመስለኝም። አቅጣጫው ነው የሳተው። ጥንካሬው ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ኃይል ማግኘቱን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። አንተ ኳሊቲውን ተከተል።

1. በስልክህ የሳተላይት መፈለጊያ አፕ ከአዲሱ ቦታ ዲሹ የሚዞርበትን አቅጣጫና ወደ ላይ የሚያይበትን ከፍታ አውጣ።
2. ከፍታውን አስረህ ዲሹን ወደ ጎን ቀስ እያልክ አዙር። በየመሃሉ ቆም በል፤ ሪሲቨሩ ለማንበብ ጊዜ ይፈልጋል።
3. ኳሊቲው ብቅ ሲል ኤልኤንቢውን በትንሹ አሽከርክር። ርቀህ ከተጓዝክ የሱም ማዘንበል ይለወጣል፤ ብዙ ሰው ይቺን ይረሳታል።

ከልምድ የማውቀውን ልጨምር፦ ኮምፓሱን ከመኪናው ራቅ ብለህ አንብብ። ብረቱ ያሳስተውና ግማሽ ቀን ሰማይ ስትቃኝ ትውላለህ።