«ጠጋ በልልኝ» ለሚል እንግዳ

ባለፈው ወር ከአርባ ምንጭ አንድ ልጅ ጻፈልኝ። ጫሞ ሐይቅ ላይ እንግዶችን በጀልባ እየጫነ «አዞ ገበያ» የሚባለውን፣ አዞዎች የሚሰበሰቡበትን ዳርቻ የሚያሳይ ወጣት አስጎብኚ ነው። ከረጅም ሰላምታ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እንግዳው ከፍሏል። ጉማሬዎቹ ጋ ስንደርስ ‹ትንሽ ጠጋ በልልኝ› ይለኛል። እምቢ ስለው ፊቱ ይቀየራል፣ ቲፑም ይቀራል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

መልሱ ሁለት መስመር አይሞላም። አትጠጋ፤ ጉማሬ አፉን ሲከፍት እያዛጋ አይደለም፣ እያስጠነቀቀህ ነው። ይህንኑ ልጽፍለት ስልኬን አነሳሁና «ምን ያደርጉ ነበር» የምትለዋ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ምን እንዳደረግሁ አውቀዋለሁና። ሃያ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ ለባለቤቴ እንኳ በቅጡ ነግሬያት አላውቅም። እሱን ብቻ ከምመልስለት ይህን ሥራ ለጀመራችሁ ሁሉ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ ነሐሴ 1989 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የግል አስጎብኚ ድርጅት የጉዞ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። በእኛ ሥራ ፋም ትሪፕ የሚባል ነገር አለ፤ ሆቴሎችና ካምፖች እንግዳ የሚልኩላቸውን ሰዎች በነፃ ይጠሩና አብልተው፣ አጠጥተው፣ አሳይተው «በሉ አሁን ሽጡልን» ይላሉ። የናይሮቢ አጋሮቻችን ማሳይ ማራ በሚባለው የኬንያ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ፣ ወንዙ ዳር ባለ ካምፕ ለሦስት ሌሊት ጠሩን። ከጀርመን የመጣች ትልቅ ደንበኛችንም አብራን ነበረች። ላሊበላና ጎንደር ከምንወስዳቸው ቡድኖች ግማሽ ያህሉ ከእሷ ነበር የሚመጡልን። እንግዲህ እኔ ምን ልሁን? ተጋባዥ ነኝ፣ ግን ዓይኔ እሷ ላይ ነው።

ከናይሮቢው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በትንሿ አውሮፕላን አርባ አምስት ደቂቃ ያህል በረርን። ማረፊያው የሣር ሜዳ ስለሆነ አብራሪው መጀመሪያ አንዴ ዝቅ ብሎ አለፈ፤ የሜዳ አህያዎቹን ለማባረር ነው። ካምፑ ስንደርስ ሻንጣዬን ሊቀበለኝ የመጣው ሰው በዕድሜ አባቴ ይሆናል። እኔ ሃያ ዓመት የሰው ሻንጣ የተሸከምኩ ሰው ነኝ፣ እንዴት አድርጌ ለሽማግሌ አሸክማለሁ? እሱ ወደ ራሱ ይስባል፣ እኔ ወደ ራሴ። በመጨረሻ እጀታው ተነቀለ። እሱ ሻንጣውን፣ እኔ እጀታውን ይዘን ድንኳኔ ድረስ ሄድን። ይሉኝታ እንዲህ ያደርጋል። እጀታው ላይ ብቻ ቢቀር ምንኛ ጥሩ ነበር።

ድንኳን ስላችሁ የሸማ ተራ ሸራ እንዳይመስላችሁ። በውስጡ እንደ ሆቴል የተነጠፈ አልጋ፣ ከኋላው ሙቅ ውሃ ያለው መታጠቢያ፣ ከፊቱ ሁለት ወንበርና በረንዳ አለው። ከበረንዳው አሥር እርምጃ ስትራመዱ የማራ ወንዝ ነው። ከማው ተራራ ደን ይነሳና ሜዳውን አቋርጦ ወደ ታንዛኒያው ሰሬንጌቲ ይገባል፤ ማብቂያው ቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ውሃው ቡናማ ነው፣ ጉማሬዎቹም እንደ ድንጋይ ተኮልኩለውበታል። አጥር የለም። ስለዚህ ከመሸ በኋላ ያለ አስካሪ ከድንኳን መውጣት ክልክል ነው። አስካሪ የሚለው ቃል ለእኛ ጆሮ የጣልያንን ዘመን ያመጣል፤ እዚያ ግን ባትሪና ዱላ ይዞ እራት ቤት የሚያደርሳችሁ ዘበኛ ነው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አልተኛሁም። ጉማሬ ሲመሽ ከውሃው ወጥቶ እስከ አርባ ኪሎ ሣር ይበላል። ያንን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ ለእንግዳም ስንቴ ተርኬዋለሁ። ከሸራው ማዶ፣ ከራስጌዬ ክንድ በማይሞላ ርቀት ሲግጥ መስማት ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አቡጄዲ ቀስ እያለ የሚቀደድ ነው የሚመስለው። ቅድድ ያደርግና ያኝካል፣ ከዚያ ትንፋሹን ቡፍ ያደርጋል። ለሦስት ሰዓት ያህል ሳልንቀሳቀስ ጋደም እንዳልኩ አዳመጥኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኛም እኮ ወንዝ አለን። በወጣትነቴ አዋሽ ፓርክ፣ ከረዩ ሎጅ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የተደረደሩት ካራቫኖች ውስጥ እንግዳ አሳድር ነበር፤ ዝንጀሮ ከጠረጴዛ ላይ ዳቦ እየነጠቀ ይሄድ ነበር። ባሮ አለ፣ ኦሞ አለ። ከደቡብ ሱዳን ቦማ ወደ ጋምቤላ የሚመላለሰውን የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ ስንቶቻችሁ አይታችሁታል? ማራ ድረስ የምንሄደው የቤታችንን ሳናውቅ ነው። እሺ፣ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ሾፌራችን፣ አስጎብኚያችንም እሱ ነው፣ ማሳይ ነበር፤ ዕድሜው ሠላሳ አይሞላም። ስሙን አልጽፈውም። ዳሽቦርዱ ላይ በላስቲክ የተለበጠ የአእዋፍ መጽሐፍ አለው፣ መኪናውን ባቆመ ቁጥር ይገልጠዋል። የኬንያ አስጎብኚዎች በ1996 እ.ኤ.አ. የሙያ ማኅበር አቋቁመው ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ በሚባሉ ደረጃዎች መፈተን ጀምረው ነበር፤ እሱም ለነሐሱ እየተዘጋጀ ነው። «እናንተ አገር ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ አይደል? ስንት ጊዜ አየኸው?» አለኝ። ሃያ ጊዜ አልኩት። ሁለት ጊዜ ነው።

በሁለተኛው ቀን መሻገሪያው ጋ ሄድን። ዊልደቢስት የሚባለውን እንስሳ ታውቁታላችሁ፤ የስዌይን ቆርኬ ዘመድ፣ ጢማም፣ ፊቱ ረዘም ያለ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሣር ፍለጋ ከሰሬንጌቲ ወደ ማራ ይመጣና በዝናቡ ይመለሳል። ወንዙ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። አዞ አለበት፣ ዳገቱ ገደል ነው። ከኋላ የሚመጣው ይገፋል፣ የፊተኛው አይገባም። አንዷ ወርዳ ውሃውን ታሸትና ትመለሳለች፣ ስትመለስ ሁሉም ይመለሳል። ሾፌሩ መኪናውን ከአፋፉ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቆ ከቁጥቋጦ ኋላ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ደንቡ እንዲያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ውሃ ውስጥ ገብተው መሻገሩ እስኪጀመር ማንም አይጠጋም። ሌሎቹም መኪናዎች እንዲሁ ቆመው ይጠብቃሉ።

ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ፀሐዩ ይፈጃል፣ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል፣ መንጋው ኝ… ኝ… እያለ እንደ እንቁራሪት ያጉረመርማል። ደንበኛችን ሁለት ካሜራ ይዛለች። «ከዚህ ጀርባቸውን ብቻ ነው የማገኘው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን እንዲያው። እኔን አላየችኝም እንኳ። እኔ ግን በመኪናው ውስጥ ያለሁት አፍሪካዊ የሙያ ሰው እኔ ነኝ፣ አንድ ነገር ማድረግ ያለብኝ እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

ጎንበስ ብዬ «ትንሽ ጠጋ በልልን» አልኩት።

«እነሱ ይወስኑ» አለኝ፣ ሳይዞር።

«ሃምሳ ሜትር ብቻ። እኔም በዚሁ ሥራ ነው ያለሁት፣ አውቀዋለሁ። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ዓይኑ ቁጡ አልነበረም፤ የሚያሰላ ነበር። በእኔ ፊት ላይ ስንት ዓመት ሥራ እንዳለ፣ ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴት ስንት እንግዳ እንደምትልክ፣ እምቢ ቢል ማታ ለሥራ አስኪያጁ ምን እንደሚባል ያሰላል። እንዴት አወቅህ አትበሉኝ፤ እኔም ያንኑ ስሌት ሃያ ዓመት አስልቼዋለሁ። ከዚያ ቁልፉን አዞረ።

ከቁጥቋጦው እንደወጣን አንዲት የሜዳ አህያ፣ ልትጠጣ አንገቷን ዝቅ ያደረገች፣ ቀና አለች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ዞረ። አቧራው ተነሳ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ በደቂቃ ውስጥ ዳገቱ ባዶ ቀረ። ከወዲያ ወዲህ ያሉት ሾፌሮች በሬዲዮ በስዋሂሊ ይጮሃሉ። ሾፌራችን ድምፁን ዝቅ አደረገና መጽሐፉን ከዳሽቦርዱ አንስቶ ከመቀመጫው ሥር አስገባው። ለምን እንዳደረገው እስከዛሬ አልገባኝም።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሥራ አስኪያጁ መጣ። ሌሎቹ ካምፖች አቤት ብለዋል። ጨዋ ሰው ነው፣ አልተቆጣም። «ለመዝገቡ ያህል ነው፣ ጠጋ እንዲል የጠየቀ ሰው ነበር? ወይስ በራሱ ነው?» አለ። ሾፌሩ ከፋኖሱ ኋላ ቆሟል፣ ቆቡን በእጁ ይዞ። ደንበኛችን ሾርባዋን ታማስላለች። ሁላችንም ዝም አልን። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ።

«ፎቶ እያነሳሁ ስለነበር አላስተዋልኩም» አልኩ።

ካሜራ አልነበረኝም። ሾፌሩም ያውቃል፤ ቀኑን ሙሉ አብሬው ነበርኩ። አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ እዚያው እንቆራረጥ ነበር፣ ይቀለኝም ነበር። ግን እሱም ይሉኝታ ያዘው መሰለኝ፤ ወይም እንግዳን አያጋልጡም ተብሎ ተምሯል። አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ ጌታዬ» አለ፣ ለሥራ አስኪያጁ።

በማግስቱ ሌላ ሾፌር መጣ። የእኛን ሰው በመጨረሻው ቀን ከወጥ ቤቱ ጀርባ መኪና ሲያጥብ አየሁት። ሃምሳ ዶላር በፖስታ አድርጌ ነበር። ወደ እሱ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ሄጄ ተመለስኩና እንግዳ መቀበያው ላይ ካለው ሣጥን ውስጥ ጨመርኩት። በሣጥኑ ላይ «ለሁሉም ሠራተኞች» ይላል።

ልጽፍለት ነበር። ለካምፑ እውነቱን ልጽፍ ነበር። በዓመቱ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ መጣ፣ ቱሪስት ጠፋ፣ ድርጅታችን ሰው ቀነሰ፤ እሱን ሰበብ አደረግሁ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሰበቡ አላለቀም። ከብዙ ዓመት በኋላ ማራን ለሁለተኛ ጊዜ ያየሁ ጊዜ ካምፑ ጎራ ብዬ ጠየቅሁ። ሠራተኛው ሁሉ አዲስ ነበር፤ ማንም አላወቀውም።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፣ ቋንቋ አጥኑ፣ ሰዓት አክብሩ፣ ጫማችሁን አጽዱ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ የማውቀው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደንቡን የት ላይ እንደምትናገሩት። ሐይቁ መሃል፣ ጉማሬው ፊት «አይቻልም» ማለት ከእንግዳው ጋር ግብግብ ነው። ዳር ላይ፣ የነፍስ አድን ጃኬቱን እያሰራችሁለት «ከዚህ በላይ አንጠጋም፣ ሞተሩንም እዚያ ላይ አጠፋለሁ» ብትሉት ግን ፕሮግራም ይሆናል፣ እንዲያውም ያስደስተዋል። ቅር ያለው ካለ እዚያው ይቅር። «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» የሚል እንግዳ ካጋጠማችሁ ደግሞ በደንብ እዩት። እኔ ነኝ።

ስለ ቲፕ አታስቡ ልላችሁ ነበር፣ ግን ይሄ ለጡረተኛ የሚቀል ወሬ ነው። የቤቴ ጣሪያ የእንግሊዝ ሽማግሌዎች በሰጡኝ ቲፕ የተመታ ቆርቆሮ ነው። አስቡ። ግን ማታ ቁጠሩት፤ እንግዳው ገና ጀልባው ላይ ሳለ በሐሳባችሁ አትቁጠሩት።

የዛሬ ልጆች ላይ የምታዘበው አንድ ነገር አለ። በእኛ ጊዜ የሚጠጋው እንግዳው ነበር፤ አሁን አስጎብኚው ራሱ ነው ለቲክቶኩ ብሎ የሚጠጋው። አዞ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀረጽ ልጅ አይቻለሁ፣ የተቋሙን ቲሸርት ለብሶ። ስልክ ከእጃቸው አይለይም፣ ሲደወልላቸው ግን አያነሱም። በሌላ በኩል የእኔ ትውልድ ይህን ልጅ ያህል ደፍሮ አይጠይቅም ነበር። እኔ በሱ ዕድሜ «ምን ያደርጉ ነበር» ብዬ አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ማራ ላይ ምናልባት… ምናልባትም ያው ነበርኩ።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለልጁ ደወልኩለት፤ ከማሳተሜ በፊት ላንብብልህ ልለው ነበር። አነሳው። ሞተር ይሰማል፣ የፈረንጅ ሳቅ ይሰማል። ማራ ስለሚባል ቦታ አንድ ታሪክ አለኝ ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሰው ይዣለሁ፤ ጉማሬዎቹ ጋ ልንደርስ ነው። አሁን አልችልም» አለና ዘጋው። ከመዝጋቱ በፊት ሞተሩ ሲጠፋ ሰማሁ።