ቡናዬን ነቅዬ ሻይ ልትከል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን አንድ ላይ ይዣለሁ። ሦስቱም የሻይ ንግድ ጉዳይ ናቸው። ዕድሜዬን ግማሽ ያህል በሻይ ማሸጊያ ቤት ውስጥ ቀማሽ ሆኜ ስለሠራሁ፣ እነዚህ ጥያቄዎች ሲመጡልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቦንጋ አካባቢ ነው። ግማሽ ሄክታር ቡና አለኝ። ሌላ በቆሎ የምዘራበት ተዳፋት መሬትም አለኝ፤ ምርቱ ግን ዓመት በዓመት እየቀነሰ መጥቷል። ጎረቤቶቼ የሻይ ችግኝ መትከል ጀምረዋል። እኔም ቡናዬን ነቅዬ ሻይ ልትከል? ልጆቼ ትምህርት ላይ ናቸው፤ መሳሳት አልፈልግም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቡናዎን አይንኩት። በ2017 የካቲት ላይ አረቢካ ቡና በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። በኪሎ ሲሰላ ወደ 9 ዶላር ይጠጋል። ሻይ ኬንያ ውስጥ ባለው የሞምባሳ ጨረታ ላይ በኪሎ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዶላር ነው የሚያወጣው። የቡና ዋጋ እንደሚወጣ ሁሉ ይወርዳል፤ እርስዎ እጅ የሚገባውም ይህ ሁሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ፍሬ የሚሰጥን ዛፍ ነቅሎ፣ ለመጀመሪያ ለቀማ ሁለት ሦስት ዓመት የሚያስጠብቅ ችግኝ መትከል ልጅ ለሚያስተምር ሰው አይሆንም።

ስለ በቆሎው መሬት ግን እንነጋገር። እዚያ አካባቢ ዝናቡ አፈሩን አጥቦ አሲዳማ ያደርገዋል። በቆሎ ይህን አይወድም፤ ኖራ ይፈልጋል። ሻይ ደግሞ የሚስማማው እንዲህ ያለው አፈር ነው፤ የአሲድ ልኩ (ፒኤች የሚባለው) ከ4.5 እስከ 5.5 ሲሆን በጣም ደስ ይለዋል። የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁና አፈሩን ያስለኩ። ሻይ ሌላም ጥቅም አለው። ቡና በዓመት አንዴ ነው ገንዘብ የሚያሳይዎት። ሻይ ዝናብ እስካለ ድረስ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይለቀማል። ለደብተርና ለዘይት የሚሆን ገንዘብ ከዚያ ይወጣል።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። የሻይ ቅጠል ከተቀጠፈባት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ይቆጠርበታል። ቡና አድርቀው ጎተራ ያስገቡታል፤ ዋጋ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሻይ አይጠብቅም። በዚያው ቀን ፋብሪካ መግባት አለበት።

አንድ ክረምት ቅጠል መረከቢያ ቦታ ሄጄ ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። መኪናው ጭቃ ይዞት ዘገየ። አንዲት እናት ማዳበሪያ ሙሉ ቅጠል ተሸክመው ሁለት ሰዓት በእግር መጥተዋል። እጄን ጆንያው ውስጥ ሳስገባ ልክ እንደ ቦካ ሊጥ ሞቅ ብሏል። ከመሀል ዘግኜ ሳወጣው ቅጠሉ ቀልቷል። ተረካቢው አልቀበልም አለ። ልክ ነበር፤ ያ ቅጠል ጥሩ ሻይ አይሆንም። ሴትዮዋ ግን ምንም አላሉም። ነጠላቸውን አስተካከሉና ጆንያውን እዚያው መንገድ ዳር ዘርግፈው ተመለሱ። የጠዋቱ ድካማቸው ሁሉ እዚያ ቀረ።

ስለዚህ ችግኝ ከመውሰድዎ በፊት ሰዓት ይቁጠሩ። ከማሳዎ እስከ መረከቢያው፣ ከመረከቢያው እስከ ፋብሪካው፤ ያውም በክረምት። እርስዎ ለውሽውሽ ሻይ ፋብሪካ ቅርብ ከሆኑ ዕድለኛ ነዎት። ኢሉባቦር ለጉማሮ ፋብሪካ የሚቀርቡትም እንደዚያው። ከፋብሪካ የራቀ ሰው ግን፣ ቅጠሉን ማን እንደሚወስድለት፣ በስንት ቀን አንዴ መኪና እንደሚመጣና በኪሎ ስንት እንደሚከፈለው በጽሑፍ ሳይዝ እንዲተክል አልመክርም። ኬንያውያን በ1964 እ.ኤ.አ. የአነስተኛ ገበሬዎችን ሻይ የሚመራ ድርጅት ሲያቋቁሙ ያሰቡት ነገር ይኸው ነው። ችግኝ ብቻ አላደሉም። ቅጠል መረከቢያውን ገበሬው ደጅ አቀረቡለት፤ ፋብሪካውን በየወረዳው ተከሉለት፤ በኋላም ገበሬው የፋብሪካው ባለድርሻ ሆነ። ዛሬ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ገበሬ በዚያ ሥር ነው። እነሱም ቢሆኑ ዋጋ ሲወርድ ይጎዳሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. መንግሥታቸው በኪሎ ከ2.43 ዶላር በታች አይሸጥም ብሎ ወለል አበጀ። ገዢው ፊቱን አዞረና ያልተሸጠ ሻይ መጋዘን ሞላ።

ሒሳቡም ይህን ይመስላል። መቶ ኪሎ እርጥብ ቅጠል ደርቆ ሃያ፣ ቢበዛ ሃያ ሦስት ኪሎ ሻይ ነው የሚወጣው። እምቡጡንና ሁለቱን ለጋ ቅጠል ብቻ ይልቀሙ። ክብደት እንዲያነሣ ተብሎ አሮጌ ቅጠል ሲጨመር ጣዕሙ ይበላሻል፤ የአካባቢው ስም አብሮ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። እናቴ መርካቶ ቅመም ትሸጣለች። እኔ ደግሞ ቅመም ሻይ አሽጌ ለሱፐርማርኬትና ለካፌ ማቅረብ አስቤያለሁ። ሰው ግን «ገበያው ሞልቷል» ይለኛል። የቲ-ባግ ማሽን ለመግዛት ብድር ልውሰድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሞልቷል የሚሉሽ ስለ ተራው ጥቁር ሻይ ከሆነ እውነት ነው። እዚያ ትላልቆቹ አሉ፤ በዋጋ አትችያቸውም። የቅመም ሻይ ግን ገና ቦታ አለው። ካፌ ውስጥ «ሻይ በዝንጅብል»፣ «ሻይ በጦስኝ» የሚለውን ሰው ቁጠሪ። ቀድሞ ጉንፋን የያዘው ነበር እንዲህ የሚያዝ፤ አሁን ቢሮ የሚውለው ወጣት ከሰዓት በኋላ በማኪያቶ ፈንታ ይጠጣዋል።

ብድሩን ለጊዜው ተዪው። አሥር ኪሎ በእጅሽ ቀምሚ፤ አየር በማያስገባ ላስቲክ አሽጊ፤ ለአምስት ካፌ ስጪ። ደግመው ካዘዙሽ ያኔ ማሽን እናስባለን።

ስትቀምሚ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛው የቅመሙ መጠን ነው። ትልልቅ ቀረፋና ደቃቅ ሻይ አንድ ላይ ከገባ፣ መንገድ ላይ ሲናወጥ ደቃቁ ወደ ታች ይወርዳል። ደንበኛሽ በመጀመሪያው ሳምንት ቅመም ብቻ፣ በመጨረሻው መራራ ሻይ ብቻ ይጠጣል። ቅመሙን ከሻዩ እኩል አድቅቂና በወንፊት ንፊ። ሁለተኛው ሽታ ነው። ሻይ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። አንድ ካርቶን ሻይ ተመልሶ መጥቶብን ቀመስኩት። አፌ ውስጥ የልብስ ሳሙና ሆነ። ባለሱቁ ከኦሞ ጎን ደርድሮት ኖሯል። የእናትሽ ሱቅ ውስጥ ከበርበሬው አጠገብ አታስቀምጪው።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ አስቢበት። ቀረፋና ቅርንፉድ ከውጭ ነው የሚመጡት። በ2016 ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋቸው ከዶላሩ ጋር ነው የሚሄደው። ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ጦስኝና ጠጅ ሣር ግን የእኛው ናቸው። እነዚህን መሠረት ያደረገ ቅንብር ሥሪ። ወጪሽን ይቀንሳል፤ ውጭ ያለው ወገናችንም ሌላ አገር የማያገኘው ጣዕም ይሆንለታል። ኮረሪማ ያለበት ሻይ ሲፈላ የሚሰጠውን ሽታ እኔ ከሌላ ጋር አላወዳድረውም። ማሸጊያው ላይ ግን «ስኳር በሽታ ያድናል» የሚል ነገር እንዳትጽፊ። ሻይ ነው የምትሸጪው።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው ያለሁት፤ የሐረር ልጅ ነኝ። እዚህ ሰው ለጤና ሻይ ብዙ ይከፍላል። ቁጢ አምጥቼ መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ጥሩ ነገር አስበሃል፤ በጊዜውም ነው። ቁጢ የቡና ቅጠል ነው እንጂ ሻይ ቅጠል አይደለም። ካፋና ሸካም «ጨሞ» ብለው በቅመም ያፈሉታል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቡና ቅጠል መጠጥን ከሌላ አገር የመጣ ባህላዊ ምግብ ብሎ ፈቅዶታል። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ግን ደንቡን ራስህ አንብበው፤ መለያው ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍና ንጥረ ነገሩ ከምን መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። የፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራውም ጥብቅ ነው። ኬሚካል የማይረጭ ገበሬ ፈልግ፤ ናሙና ልከህ እዚያው ጀርመን አስመርምር፤ ከዚያ በኋላ ነው ጭነት የሚታሰበው። ቅጠሉንም ቡና ሲገረዝ ከሚወድቀው ቅርንጫፍ እንዲሰበስቡልህ ተስማማ። ፍሬ የያዘ ዛፍ ከተመለመለ ገበሬው የዘንድሮ ቡናውን ያጣል፤ ለከርሞም ቁጢ አይሰጥህም።