ቀለም ያልተቀባ የአሉሚኒየም ላሜራ እንደ መስታወት እስኪያሳይ፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ ላንድሮቨር ናቸው፤ ቢሆኑም አይገርምም። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ነበር። ስለዚህ ፓራፋንጎው፣ ኮፈኑ፣ የበሩ የውጭ ቆዳና የኋላ ሳጥኑ ቢርማብራይት ከሚባል ማግኒዚየም ከገባበት አሉሚኒየም ተሠሩ። ቀለሙ ሲነሳ ከሥሩ የሚወለወል አሉሚኒየም የሚገኘው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? የፓራፋንጎዬን ቀለም አንስቼ ላሜራው ራሱ እንዲያበራ ፈልጌ ነበር። የትኛውን ፖሊሽ ልግዛ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ። ፖሊሹን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ የብርጭቆ ወረቀት ግዛ። አሥር ሰዓት ከሚፈጅ ሥራ ስምንቱ የወረቀት ነው። ፖሊሽ ጭረት አያነሳም፤ የጭረቱን ጠርዝ አለሳልሶ ጭራሽ እንዲያበራ ያደርገዋል። ጥላ ውስጥ አልቋል ያልከው ፓራፋንጎ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሸረሪት ያደራበት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ወረቀቱ በትክክል ከተሠራ መካከለኛ ፖሊሽም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቀለሙን በምን ላንሳው? ጋራዥ ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ ቶሎ ይልጣል ብለውኛል።

መልስ፦ ይልጣል፤ ከዚያ ላሜራውንም ይበላል። ኮስቲክ ሶዳ ሲነካው አሉሚኒየም አረፋ እየደፈቀ ይሟሟል፣ ፊቱም ጥቁርና ሸካራ ሆኖ ይቀራል። ለአሉሚኒየም ይሆናል ተብሎ የተጻፈበትን የቀለም ማንሻ ተጠቀም፤ ሲፈርስ በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ አንሳው። በአሸዋ ማስነፋት አይታሰብም። አሸዋው ላሜራው ውስጥ ይቀበራል፣ ስስ ላሜራም ከሙቀቱና ከድብደባው ይጎብጣል።

ከመጀመርህ በፊት ማግኔት ይዘህ ዙር። ማግኔት የያዘው ቦታ ተራ ብረት ነው፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው ግድግዳና የበሩ አጥንት ለምሳሌ ብረት ናቸው። ከቀለሙ ሥር ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ፕራይመር ካገኘህ ክሮሜት (መርዛማ የክሮም ውህድ) ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍገው። በውሃ አርጥበህ፣ ማስክና ጓንት አድርገህ ሥራ።

ጥያቄ፦ የወረቀቱን ቅደም ተከተል በቁጥር ቢነግሩን? እኔ ከ320 ወደ 1000 ዘልዬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

መልስ፦ የወረቀቱ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ደቃቅ ነው፤ 1000 የ320ን ሸለቆ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ብትፈገፍግ አይበቃህም። ላሜራው ደህና ከሆነ በ400 ጀምር፣ ጠባሳ ካለው በ320። ከዚያ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000። ከ220 በታች መውረድ ያለብህ የሞረድ ወይም የመዶሻ ምልክት ስታጠፋ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው አቅጣጫ ነው። 400ን ከመኪናው አፍንጫ ወደ ጀርባ ሥራ፤ 600ን ከላይ ወደ ታች፤ 800ን እንደገና ከፊት ወደ ኋላ፤ እንዲህ እያቀያየርክ ሂድ። የቀደመው ወረቀት መስመር ከአዲሱ ጋር ስለሚሻገር የቀረው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። የመጨረሻው ተሻጋሪ መስመር ሲጠፋ አታቁም፤ የፈጀብህን ጊዜ ግማሽ ጨምርበት። ዓይን ከማያየው የጭረት ሥር ፖሊሽ የሚያወጣው አለና።

ባልዲ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምር። በየአሥራ አምስት ምልልሱ ወረቀቱንም ላሜራውንም አለቅልቅ። አሉሚኒየም ለስላሳ ነውና ብናኙ ወረቀቱ ላይ ተድበልብሎ ይጣበቃል። ያ ድብልብል ነው ድንገት ረጅም ጥልቅ ጭረት የሚጥለው። በጣትህ ስትዳስሰው ሰናፍጭ የሚያህል እብጠት ካገኘህ ወረቀቱን ጣለው፤ ለአንድ ወረቀት ብለህ ሁለት ሰዓት አትክሰር። ቁጥር በቀየርክ ቁጥር ባልዲውን ደፍተህ አዲስ ውሃ ሙላ፤ አንዲት የ400 ቅንጣት 1500 ላይ ከገባች ወደ ኋላ ትመልስሃለች።

ጠፍጣፋው ላይ ጠንካራ ጎማ ከወረቀቱ ሥር አድርግ፣ ክቡ ላይ ስፖንጅ። በባዶ ጣት የተፈገፈገ ላሜራ ጣት ጣቱን ይጎደጉዳል፤ ሲበራ ደግሞ ጎድጓዱ ሁሉ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ በሩ ላይ ገባ ያለ ቦታ አለ። ስቱኮ መትቼ ልወልውለው እችላለሁ?

መልስ፦ ስቱኮ አይበራምና አይሆንም። እዚህ ላይ ጎበዝ ባትላሜራ ያስፈልግሃል። ላሜራው በመዶሻና ከኋላ በተደገፈ ብረት ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ የመዶሻው ፊት ራሱ የተወለወለ ይሁን፤ ያለበለዚያ የመዶሻው ጭረት ላሜራው ላይ ይታተማል።

ብዙ ጊዜ የተመታ አሉሚኒየም ይጠነክርና ይሰነጠቃል፤ በሙቀት ማለስለስ የግድ ነው። ችግሩ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ቅይጡ ደግሞ ከዚያ በታች መቅለጥ ይጀምራል፤ መልኩ ሳይለወጥ ድንገት ወለሉ ላይ ይወርዳል። የባትላሜራዎች መላ ሳሙና ነው። ደረቅ ሳሙና ላሜራው ላይ አሽተህ እሳቱን እያንቀሳቀስክ ከኋላ ስታሞቀው ሳሙናው ይቡናላል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል። ጥቁር ቡና መልክ ሲይዝ እሳቱን አንሳ። ከዚያ ካለፈ የአሉሚኒየሙ የውስጥ ቅንጣት ያድግና ስትመታው የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ገጽ ያወጣል፤ ያ ደግሞ በፖሊሽ አይጠፋም።

ከፍና ዝቅ ያለውን ለማወቅ ሙሉውን በማርከር አጥቁርና በሰፊ ጎማ ላይ 320 አድርገህ ሁለቴ ሦስቴ አሻግር። ጥቁር ሆኖ የቀረው ጎድጓዳ ነው፣ ፈጥኖ የነጣው ኮረብታ።

ጥያቄ፦ የሪቬት ቀዳዳዎችን በአርጎን ብናስበይድ ቦታው ይታወቃል?

መልስ፦ ሲበየድ በሚቀልጠው የብየዳ ዘንግ ይወሰናል። 4043 የሚባለው ሲሊከን ስላለበት ከተወለወለ በኋላ ግራጫ ነቁጥ ይሆናል። ለቢርማብራይት 5356 ይቀርባል። ከሁሉ የሚመሳሰለው ከዚያው መኪና ከማይታይ ቦታ ከተቆረጠ ላሜራ የወጣ ቀጭን ቁራጭ ነው። ያም ሆኖ ጎን ለጎን የሚያይ ዓይን ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ የበሩ የታችኛው ጠርዝ ነጭ ዱቄት ያወጣል። እያበስኩት ይመለሳል።

መልስ፦ የአሉሚኒየም ዝገት ነው። የበሩ አጥንት ብረት፣ ቆዳው አሉሚኒየም ነው፤ መሀላቸው እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል። ከውጭ ብትወለውለው በወሩ ይመለሳል። ከውስጥ ጠርዙን ከፍተህ፣ አጽድተህ፣ ብረቱን ቀለም ቀብተህ መሀሉ ላይ ማሸጊያ አድርግ፤ ቡሎን በሚገባበትም የናይለን ዋሸር።

ብል እንደበላው ጨርቅ የተነቀሰውን ቦታ አንድ ነቁጥ ብቻ እያሳደድክ አትፈግፍግ። ትንሽ ሳህን ትሠራለህ፣ የሰው ፊት ሲታይበት ይንጋደዳል። ዙሪያውን ሁለት መዳፍ ያህል አስፍተህ አውርድ፤ ላሜራው ራሱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥምና ነቁጡ ከሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ከጠለቀ ተወው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ጥያቄዬ የወጥ ቤት ይመስላል። እናቴ የአሉሚኒየም ድስት በአመድና በብረት መፋቂያ እንደ ብር ታነጣለች። ለመኪናውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አመድ ሲርስ አልካላይ፣ ማለትም የኮስቲክ ሶዳ ወገን፣ ነው፤ ቆሻሻውንም የአሉሚኒየሙንም ስስ ቆዳ ያነሳል፣ ቅንጣቱ ደግሞ ይፍቃል። ድስቱ ነጣ እንጂ መስታወት አልሆነም፤ ከድስት ደግሞ ማንም ፊቱን ማየት አይፈልግም። ለመኪና ግን ከ600 በታች ወዳለ ሸካራነት ይመልስሻል። የብረት መፋቂያው ከአመዱ ይብሳል፦ ጭረቱ ውስጥ የብረት ስባሪ ትቶ ይሄዳል፣ በሁለተኛው ዝናብ ቡናማ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ዙሪያው ይቦረቦራል። በረኪናና የልብስ ዱቄት ሳሙናም ከዚያው ወገን ናቸው።

ጥያቄ፦ ማሽኑን እንዴት እንያዘው? ግራይንደር ላይ ሱፍ ብገጥምስ?

መልስ፦ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ስለሚዞር ያቃጥለዋል። ፍጥነቱ የሚስተካከል ፖሊሸር፣ 18 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር የሱፍ ፓድ፣ ከ1500 እስከ 2000 ዙር። ኮምፓውንዱን (ሻካራውን ፖሊሽ) አተር አተር አድርገህ አራት አምስት ቦታ ነጥብ፤ በአንድ ጊዜ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሥራ። መጀመሪያ ጥቁር ዝቃጭ ይወጣል፤ አትደንግጥ፣ የተላጠ አሉሚኒየምና ዘይት ነው። እየሠራህ ስትቀጥል ጥቁሩ ይሳሳል፣ ከሥሩ ብሩህ ፊት ይወጣል። መዳፍህን ላሜራው ላይ ማቆየት ካልቻልክ ሞቋልና እረፍ፤ የሞቀ ኮምፓውንድ ይደርቅና ይጎትታል፣ ትልቅ ጠፍጣፋ ላሜራ ደግሞ ይላላና ስትጫነው ጧ ይላል።

ጠርዝ ላይ ፓዱ ከላሜራው ወደ ውጭ እንዲዞር ያዘው። ወደ ጠርዙ ከዞረ ይነክሳል፣ ማሽኑንም ከእጅህ ይነጥቃል። ሱፉ ላይ የሞላውን ጥቁር ቅርፊት በየጥቂት ደቂቃው በማበጠሪያ አራግፍ። ለየኮምፓውንዱ የራሱ ፓድ ይኑረው፤ ታጥቦም አይዋዋሱ።

ዞሮ የሚሠራ ማሽን ሁልጊዜ ሽክርክሪት ይተዋል። መጨረሻውን በኦርቢታል ማሽን (እየዞረ ወዲያ ወዲህም በሚንቀሳቀሰው) ሥራ፤ ማሽኑ ላይ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ (የሹራብ ውስጠኛው ለስላሳው ገጽ) ጠቅልለህ በደቃቁ ፖሊሽ ሂድበት። የቀረውን ቅባት የስንዴ ዱቄት ነስንሰህ በለስላሳ ጨርቅ ጥረገው፤ ዱቄቱ ዘይቱን ይመጥጣል፣ ጥቁሩን ይዞ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሁሉን አድርጌ ጭጋግ ቀረበት።

መልስ፦ ጨርቅ በአኳራጅ አርጥበህ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጥረግ። ጭጋጉ ከጠፋ ዘይት ነው፤ ዱቄቱን ድገመው። ካልጠፋ ባትሪ በጎን አብራ፦ ቀጥ ያለ መስመር ካየህ የዘለልከው ወረቀት ነው፣ ወደ 1000 ተመለስ፤ ክብ ክብ ከሆነ ማሽኑ ነው፤ መስመር የሌለው ሞገድ ከሆነ በለስላሳ ፓድ ብዙ ተወልውሏል። የመጨረሻው በፖሊሽ ጭማሪ ይብሳል እንጂ አይድንም፣ በጎማና በ1500 ነው የሚስተካከለው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነኝ፤ ያለኝ መኪና ሳይሆን አሮጌ ኤርስትሪም ተጎታች ቤት ነው። ያው ነው?

መልስ፦ ወረቀቱን አስቀምጠው! የእሱ ላሜራ አልክላድ ነው፦ ጠንካራ ቅይጥ፣ በሁለቱም ፊቱ ንጹሕ አሉሚኒየም የተለበጠበት። 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ልባጡ በየፊቱ አምስት በመቶ፣ ማለትም 0.04 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። የሚያበራውም ዝገት የሚከላከለውም ያ ስስ ቆዳ ነው፤ በወረቀት ከበሳኸው አይተካም። የድሮውን ክሊር (ቀለም የሌለውን መከላከያ ቅብ) በማንሻ አንስተህ በፖሊሽ ብቻ ሥራ፣ ጥልቅ ጭረትንም ተወው።

ጥያቄ፦ ከተወለወለ በኋላ ክሊር ልቀባው? ዱባይ ባሕር አጠገብ ነው የሚቆመው።

መልስ፦ አልመክርም። ክሊር የሚይዝበት ሸካራ ነገር ይፈልጋል፣ አንተ ደግሞ ሸካራውን በሙሉ አጥፍተሃል። አንድ ጠጠር ሲነቅለው እርጥበት ከሥሩ ይገባና እንደ ትል የሚሄድ ነጭ መስመር ይስላል፤ ያኔ ሁሉንም ልጦ መጀመር ነው። የካርናውባ ሰም በስሱ ቀባና ጨዋማ አቧራውን ቶሎ ቶሎ በንጹሕ ውሃ አውርድ። ባሕር ዳር በየጥቂት ሳምንቱ በደቃቁ ፖሊሽ በእጅ ይነካል፣ ደረቅ ጋራዥ ውስጥ ወራት ይቆያል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ሲሚንቶን ፍሩ። ከግንባታ የሚነሳው ብናኝ በካፊያ ሲርስ አልካላይ ይሆናል፣ አድሮ ግራጫ ጠብታ ይተዋል። በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት፣ ይፍቃል፤ ብዙ ውሃ አፍስሱበት።

ጥያቄ፦ ብናኙ ይቀጣጠላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ደረቅ ደቃቅ የአሉሚኒየም ብናኝ በፍንጣሪ ይነሳል፣ ከብረት ዝገት ጋር ሲደባለቅ ደግሞ እሳቱ ብረት ያቀልጣል። ብረት በሚሞረድበት ጥግ አትሥሩ። ከተነሳ ደረቅ አሸዋ እንጂ ውሃ አይደፋበትም። እርጥቡን ዝቃጭም ጥብቅ ክዳን ባለው ጀሪካን አታሽጉት፤ ሃይድሮጂን ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮፈኑንም ልወልውል?

መልስ፦ ጎንና ጎኑን ወልውል። መሀሉን፣ ከመሪው ፊት ለፊት ያለውን፣ በ400 በአንድ አቅጣጫ ደብዛዛ አድርገህ ተወው፤ ወይም የማያበራ ጥቁር ቀባው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀለም ያልተቀቡ የጦር አውሮፕላኖች ከአብራሪው መስታወት ፊት ደብዛዛ ቀለም የሚቀቡት ለዚሁ ነበር። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ስትነዳ ፀሐይዋ ከኮፈኑ ተመልሳ ዓይንህ ውስጥ ነው የምትገባው።