ትምህርቴን ትቼ የተራራ መሪ ልሁን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 20 ነው፤ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር ባለሙያ መሪ ቀጥረን ተራራ ላይ ዓለት ስንወጣ ዋልን። ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ልቤ እዚያ ነው። ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር መሪያችን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ገና እኩለ ቀን ሳያልፍ «ይበቃል፣ እንውረድ» ማለቱ ነው። ትምህርቴን አቋርጬ ይህን ሙያ ብይዝ ያኖረኛል? ዘግይቻለሁ? ወላጆቼ ሐሳቤን ሲሰሙ ደንግጠዋል። ለመጀመሪያስ ምን ምን ዕቃ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ዓይኔን የያዘው ደስታሽን የጻፍሽበት ሳይሆን ቅሬታሽን የጻፍሽበት መስመር ነው። ተራራ ላይ የጠዋት ሰማይ ለከሰዓት በኋላው ዋስ አይሆንም። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የያዘው እርጥበትም ደመና ይሆናል። በሞቃት ወራት ይህ ደመና ከቀትር በኋላ መብረቅ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ገደል መሐል በገመድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ መሸሸጊያ የለም፤ መውረዱም ሰዓት ይፈጃል፣ ለጀማሪዎች ይልቁንም። ስለዚህ ጥሩ መሪ የመመለሻውን ሰዓት የሚወስነው በዚያች ቅጽበት በሚያየው ሰማይ ሳይሆን፣ ከቡድኑ በጣም የሚዘገየው ሰው ለመውረድ የሚያስፈልገውን ጊዜ ወደ ኋላ ቆጥሮ ነው። ገንዘብ የከፈሉ፣ የተደሰቱ ሰዎች እያጉረመረሙበት «ይበቃል» ማለት፣ ያን ቀን ደመናው ሳይመጣ ቢቀር እንኳ በማግሥቱ ያንኑ መድገም፤ ሙያው ይህ ነው። አንቺ የወደድሽው ዓለት መውጣቱን ነው፤ እሱ ግን ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው።

ያ ቀን ለእናንተ ተብሎ የተሰናዳ ቀን ነበር። መሪው የአየር ትንበያውን ቀድሞ አይቷል፤ እንዳትሰለቹም እንዳትሸነፉም የሚመጥናችሁን ዓለት መርጧል፤ ገመዱን ከአንድ በላይ በሆነ አስተማማኝ ነገር ላይ አስሯል፤ የወገብ መታጠቂያሽንና ቋጠሮሽን ከመውጣትሽ በፊት ተመልክቷል። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ሰዓት ያሳለፈው ሌላ ሰው ሲወጣ ገመድ ይዞ ሽቅብ በመመልከት ነው። ደስታሽ የእሱ የእጅ ሥራ ነው ብልሽ አላጋነንኩም። መሪ የምትሆኚ ከሆነ ከሚያስመካሽ ችሎታሽ በጣም ዝቅ ያለ፣ በቃልሽ የምታውቂውን ያንኑ ዓለት፣ ለሃያኛ ዓመት ሀ ሁ እንደሚያስቆጥር መምህር በየሳምንቱ ትመላለሺበታለሽ። ይህ የሚያስደስታቸው ሰዎች አሉ፤ የማያስደስታቸው ጎበዝ ዓለት ወጪዎችም አሉ፤ እነዚህኞቹ ዓለቱን ለራሳቸው አስቀርተው ኑሯቸውን በሌላ ሥራ ቢመሩ ይሻላቸዋል። አንቺ ከየትኞቹ እንደሆንሽ ገና አታውቂም፤ አንድ ቀንም ሊነግርሽ አይችልም።

አሁን ካለሽበት እስከ ሙያው ያለውን ርቀት ልንገርሽ። የእናንተ ገመድ፣ ለጀማሪዎች እንደሚደረገው፣ ከላይ የታሰረ ከነበረ እጅሽ ቢያመልጥ የምትወርጂው ገመዱ የተለጠጠውን ያህል ብቻ ነው። ቀዳሚ ሆኖ የሚወጣ ሰው ግን ከላይ የሚይዘው ነገር የለም፤ ገመዱን ከታች እየሳበ በየመንገዱ ዓለቱ ላይ ከተተከሉ ወይም ራሱ ከሚሰካቸው መያዣዎች ጋር በካራቢነር (ተከፍቶ በሚዘጋ የብረት ቀለበት) ያያይዘዋል። ከመጨረሻው መያዣ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ቢወድቅ 4 ሜትር ይወርዳል፤ በዚያ ላይ የገመዱ መለጠጥ ይጨመራል። መለጠጡ ጉድለት አይደለም፤ ባይለጠጥ የውድቀቱ ኃይል በአንድ ቅጽበት ወገብ ላይ ያርፍ ነበር። የዓለም አቀፉ የተራራ መውጣት ማኅበራት ኅብረት መለኪያ ነጠላ ገመድ በመጀመሪያው የሙከራ ውድቀት ከ12 ኪሎኒውተን (የ1200 ኪሎ ገደማ ክብደት ያህል) በላይ ኃይል እንዳያሳርፍ ይጠይቃል። መሪ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቀው ለፈተና ብሎ አይደለም፤ መያዣውን የት እንደሚሰካ የሚወስነው በዚሁ ዕውቀት ነው። ሥልጠና ለመግባት ስታመለክቺም የሚመዘነው ቀዳሚ ሆነሽ የወጣሻቸው መንገዶች መዝገብ ነው። በመሪ እርዳታ የወጣሽው ከዚያ አይቆጠርም።

ሙያው ራሱ አሮጌ ነው። በፈረንሳይ የሻሞኒ መሪዎች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው። የተራራ መሪዎች ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 በኦስትሪያ፣ በፈረንሳይ፣ በስዊዘርላንድና በጣሊያን መሪዎች ተመሠረተ። የዚህ ፌዴሬሽን ሙሉ ዕውቅና ያለው መሪ ለመሆን ዓለት ብቻ አይበቃም፤ በረዶማ ተራራና በበረዶ ላይ መንሸራተትም (ስኪ) ተጨምረው ለዓመታት የሚዘልቅ ሥልጠናና ፈተና አለ። ይህ አያስደንግጥሽ፤ በብዙ አገሮች ለዓለት ብቻ፣ አልፎም በአንድ የገመድ ርዝመት ለሚጨረሱ አጫጭር ዓለቶች ብቻ የሚሰጥ የአስተማሪነት ማረጋገጫ አለ። የአንቺ የመጀመሪያ ደረጃ ምናልባት እሱ ነው። ስለ ዕድሜሽ ሐሳብ አይግባሽ፤ በ20 ዓመት አልዘገየሽም።

ያኖረኛል ወይ ላልሽው፦ ሥራው ወቅት ጠባቂ ነው። ብዙዎቹ መሪዎች የራሳቸው ቀጣሪዎች ናቸው፤ ዝናብ ከዘነበ ገቢ የለም፤ ጣት ወይም ጉልበት ከተጎዳ የወቅቱ ገቢ በሙሉ ሊቀር ይችላል። በራሱ የሚሠራ መሪ የመድን ውል ያነባል፣ ግብር ያሰላል፣ በደጉ ወራት ያገኘውን ለክፉዎቹ ያከፋፍላል። አሰልቺ ነው ብለሽ ልትተዪው ያሰብሽው አካውንቲንግ ለዚህ ሕይወት ከማንኛውም ትምህርት ያላነሰ የሚያስፈልግ ነው። ምክሬን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፦ አታቋርጪ። የቀሩሽ የትምህርት ዓመታት የመውጣት መዝገብሽን ለመጀመርም ስለሚያስፈልጉሽ፣ ብታቋርጪ ወደ ሙያው ፈጥነሽ አትደርሺም፤ ዲግሪው ብቻ ይቀርብሻል።

ገመድና ከፍታ እንጂ ሰው መምራቱ የማይስብሽ ሆኖ ካገኘሽው ደግሞ ሌላ በር አለ። የከፍታ ላይ የገመድ ሥራ የሚባል ሙያ አለ፤ ሠራተኞቹ ሕንፃ፣ ድልድይና የነፋስ ተርባይን ላይ በገመድ ተንጠልጥለው ይመረምራሉ፣ ይጠግናሉ። በመስኩ የታወቀው ኢራታ የተባለው ማኅበር 3 ደረጃዎች አሉት፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለማለፍ ቢያንስ አንድ ዓመትና 1000 የተመዘገበ የሥራ ሰዓት ይጠይቃል። የቤት ውስጥ መወጣጫ አዳራሾችም አስተማሪና በግድግዳው ላይ መንገድ የሚያሰናዱ ባለሙያዎች ይፈልጋሉ። ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሜዳልያ ውድድር ቀርቧል።

እስከዚያው አንድ ነገር አድርጊልኝ። ለዚያው መሪ ደውለሽ፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ሌላ የጀማሪዎች ቡድን በሚወስድበት ቀን በረዳትነት አብረሽው ዋይ። ለመውጣት አትሂጂ። ገመድ ተሸከሚ፤ የፈራ ሰው አጽናኚ፤ የራስ ቁሩን ላላ አድርጎ ያሰረውን «እባክህ አጥብቀው» በይ። ማታ ስትመለሺ የደከመሽ ሰውነትሽ ነው ወይስ ትዕግሥትሽ? ትዕግሥትሽ ካለቀ መልሱን አግኝተሻል። ካላለቀ ግን የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ኮርስ ተመዝገቢ፤ ሆስፒታል ርቆ ባለበት ቦታ ላይ የሚያተኩረውን ፈልጊ። ያ ለመሪነት ማረጋገጫ በብዙ ቦታ የሚጠየቅ ከመሆኑም በላይ፣ ወደ ሙያው ባትገቢም ከንቱ አይሆንም።

ወላጆችሽን «አደጋ የለውም» ብለሽ አታባብያቸው፤ አያምኑሽም፣ እውነትም አይደለም። ትምህርቱን እንደማትተዪ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ድንጋጤያቸው ግማሹ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ስለ ቀሪው ግማሽ፣ መሪያችሁ ለምን ቀድሞ እንዳወረዳችሁ አስረጂያቸው።

ዕቃን በሚመለከት ለጊዜው የመውጫ ጫማ ብቻ ግዢ፤ እግርሽን አጥብቆ የሚይዝ፣ ግን የማያሳምም። መታጠቂያና የራስ ቁር መሪዎችና አዳራሾች ያከራያሉ። ገመድ አሁን አትግዢ፤ ሲገዙም አሮጌ ገመድ ከሰው አይገዙም፤ ምን ያህል ውድቀት እንደተሸከመና ምን ኬሚካል እንደነካው ከላይ አይቶ ማወቅ አይቻልምና። አምራቾችም ገመድ ጨርሶ ባይሠራበት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይቆይ ይመክራሉ።