ጥያቄና መልስ፦ ሥጋም ወተትም የሌለበት ምሳ ዕቃ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ተቀራራቢ ሆነው አገኘኋቸው። የእንስሳት ተዋጽኦ ጭራሽ ትተው ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ናቸው የጻፉልን። የመጀመሪያዋ ጥያቄ ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፤ የልጅ ጤና ነገር ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ቪጋን ከሆንን ቆየን። ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል፣ ቅቤ ቤታችን አይገባም። ልጆቻችን የአራትና የዘጠኝ ዓመት ናቸው። አማቴ በመጡ ቁጥር «ልጅ ያለ ወተት ያድጋል እንዴ?» ይሉኛል። እኔም «ሁዳዴን እየጾምን አይደል ያደግነው፣ ምን ሆንን?» እላለሁ። ትልቁ ልጄ ደግሞ ምሳ ዕቃውን ሳይነካው ይመልሰዋል። አንድ ቀን ሽሮው ፈሶ ደብተሩን አበላሸበት፣ ፍርፍሩም ቀዝቅዞ ይደርቅበታል። ትምህርት ቤቱ ምግብ ማሞቂያ የለውም። ምን ይሻለኛል? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲኤምሲ)

መልስ፦ እህቴ፣ በአማትሽ አትቀየሚ። የልጅ ልጅ ነገር ሆኖባቸው ነው፣ ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። ደግሞም ስጋታቸው ውስጥ እውነት አለ።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፣ ዶሮው ይሠራል፣ በሃምሳው ቀን ውስጥ ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም። ጾመኛ የጎደለውን የሚተካበት ጊዜ አለው። እናንተ ቤት ግን የፍስክ ቀን የለም። ያውም በልማዳችን ሕፃን ልጅ አይጾምም፣ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ይጠበቃል። ስለዚህ «ጾመን አደግን» የሚለው መልስ ለአራት ዓመቷ ልጅ አይሠራም።

ዋናው ጉዳይ ቫይታሚን ቢ12 ነው። ከእህልም ከአትክልትም አይገኝም። እንጀራ ስለሚቦካ ይኖረዋል የሚሉ አሉ፣ እሱን አትመኝ። አዋቂ ሰው ጉበቱ ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ ጉድለቱ ቶሎ አይታወቀውም፣ ልጅ ግን ያን ያህል ስንቅ የለውም። ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ምስርና ሽሮ የሚበላ ልጅ ፎሌት የሚባለውን ሌላ ቫይታሚን በደንብ ያገኛል፣ ፎሌቱ ደግሞ በቢ12 እጥረት የሚመጣውን ደም ማነስ ሊሸፍነው ስለሚችል፣ ደሙ ደህና መስሎ ነርቩ ውስጥ ለውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1.2 ማይክሮግራም፣ ከ9 እስከ 13 ያለው 1.8 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። ከምግባችሁ ስለማይገኝ በክኒን መስጠት ነው፤ ክኒኑ ላይ የምታይው ቁጥር ከዚህ በብዙ ቢበልጥ አትደንግጪ፤ ሰውነት ከዚያ የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። መጠኑን ግን የሕፃናት ሐኪም ይወስንልሽ፣ እግረ መንገድሽንም ደማቸውን አስመርምሪ። ዛሬ ነገ የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ብረትን በተመለከተ «ጤፍ እየበላን ምን ይጎድለናል» ይባላል። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የሚመጣ ነው፣ ለሰውነት ብዙም አይጠቅምም። የምስሩን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይ ብርቱካን አብሮት ይሁን። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፣ ስለዚህ በፔርሙዝ ሻይ ከምሳ ጋር መላኩን ተዪና ብርቱካን ላኪ። ለካልሲየም ጎመን ከቆስጣ ይሻላል፤ ቆስጣ ያለውን ካልሲየም አንቆ ይይዘዋል። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። ዘይት፣ አቮካዶና የተፈጨ ለውዝ ላይ አትሰስቺ፣ የልጅ ሆድ ትንሽ ስለሆነ ጥራጥሬ ብቻውን ቶሎ ይሞላዋል፣ ጉልበቱ ግን ሳይበቃው ይቀራል። ለትንሿ ቆሎና ድፍን ለውዝ አትስጫት፣ አምስት ዓመት እስኪያልፋት ማነቅ ይችላል። ሽሮም ስታስፈጪ ወይ ስትገዢ ጓያ እንዳልተቀላቀለበት አረጋግጪ። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ሽባ ያደርጋል፣ በእናንተ ቤት ደግሞ ሽሮ ዋና ምግብ ነው።

አሁን ወደ ምሳ ዕቃው። ችግሩ ሙቅ ሆኖ የሚጥመውን ምግብ ቀዝቃዛ መላክሽ ነው። ከጥንትም ቀዝቅዞ የሚበላ ምግብ እኮ አለን! አዚፋን ውሰጂ፤ ድፍን ምስሩን ቀቅለሽ በመጠኑ ትጨፈልቂዋለሽ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ዘይትና ትንሽ ሰናፍጭ፣ አለቀ። ሎሚውም ብረቱን ያግዛል። ቡቲቻም እንደዚያው ነው፣ አድሮ እንዲያውም ይጥማል። ሽሮ ካልቀረ በጣም ወፍራም አድርገሽ ሥሪው፣ ለብ ሲል እንጀራው ላይ ቀቢና ጠቅልለሽ ቁረጪው። ክዳኑን ሳይቀዘቅዝ አትዝጊ፣ እንፋሎቱ ነው እንጀራውን የሚያላቁጠው። ምስር ሳምቡሳ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ጥሩ ነው፣ ጓደኞቹም ይሻሙበታል።

ከሁሉ ግን የሽምብራ አሳን ሞክሪ። የሽምብራ ዱቄቱን በዘይት፣ በጨውና በቅመም አሽተሽ ጠንከር ያለ ሊጥ ታደርጊዋለሽ፣ ከዚያ ለልጁ ስጪው። ዓሣውን እሱ ይቅረጸው፤ በቢላ ጫፍ ቅርፊቱን ይሳልበት፣ ለዓይኑ ቀዳዳ ይብሳ። አንቺ ጠብሰሽ ወጥ ውስጥ ሳትከቺ እንዲሁ ደረቁን ላኪለት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእጁ የሠራውን ምግብ ሳይነካ ይመልሰዋል ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የስምንት ዓመት ልጃችን ምሳዋን ስትከፍት «ምንድን ነው የሚሸተው?» ስላሏት አሁን እንጀራ አልይዝም ብላለች። በክፍሏ አለርጂ ያለበት ልጅ ስላለ የለውዝ ቅቤም መላክ አይቻልም። እኛም ሥጋና ወተት አንበላም። (እናቷ)

መልስ፦ አይዞሽ፣ ብዙ የሐበሻ ልጅ የሚያልፍበት ነው። እንጀራውን ግን ጨርሰሽ አታስቀሪ። በርበሬውንና ነጭ ሽንኩርቱን ለማታ አቆይተሽ ለምሳ አልጫ ክክ ወይ ድንችና ካሮት ጠቅልለሽ ላኪ። እሷ እያፈረች እንድትበላ ግን አትጫኛት፤ ለአስተማሪዋ ንገሪ፣ በልጆች ምግብ መሳለቅን ማስቆም የትምህርት ቤት ሥራ ነው። በለውዝ ቅቤ ፋንታ የሱፍ አበባ ቅቤ አለ። ሰሊጥ ለመላክ ግን መጀመሪያ ጠይቂ፤ ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ከዋና ዋናዎቹ አለርጂ አምጪዎች ጋር ተቆጥሯል። የሶያ ወተት ስትገዢ ቢ12 እና ካልሲየም የተጨመረበት መሆኑን ጀርባውን አንብቢ።

አካባቢያችሁ ደግሞ በራስ እጅ የሚለቀምባቸው እርሻዎች ሞልተዋል። ጀርመንታውን ያለው በትለርስ ኦርቻርድ ቅርባችሁ ነው፣ ዉድባይን ያለው ላሪላንድም ሩቅ አይደለም። ስትሮበሪ ግንቦት አካባቢ፣ ፖም መስከረምና ጥቅምት ላይ ይደርሳል። ራሷ የለቀመችውን ትያዝ፤ ክፍል ውስጥ የሚያስጠይቃት ነገር ሽታው ብቻ አይሁን።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ምግባቸው ከየት እንደሚመጣ ላሳያቸው ብዬ እርሻ ልወስዳቸው አስባለሁ። ግን በሬ ሲገረፍ ካዩ ምን እላቸዋለሁ? እኛ እኮ እንስሳ አይጎዳ ብለን ነው የተውነው። ከአዲስ አበባ የትስ ይሻላል፣ መቼስ? (አባት፣ ከቃሊቲ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሰዳቸው፣ ግን አትደብቃቸው። የምንበላው ጤፍና ሽምብራ በአብዛኛው በበሬ የታረሰ ነው። ልጅ ይህን ካንተ ቢሰማ ይሻላል። «ታዲያ እኛስ?» ብሎ ቢጠይቅህ እውነቱን ንገረው፤ እኛ የምንችለውን ትተናል፣ ገበሬው ደግሞ ያለው በሬ ነው። ገበሬውን ግን ጨካኝ እንዳይሉት አደራ። እንዲያውም በሬዎቹን በስም እየጠራ ሲያወራቸው ይስሙ።

ከቃሊቲ ከሆንክ ቢሾፍቱ ይቀርብሃል። የጤፍና የሽምብራ ምርጥ ዘር የሚወጣበት የምርምር ማዕከል እዚያ ነው፤ ቁንጮ የሚባለው ጤፍ በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተለቀቀው ከዚያ ነው። ጊዜው ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ይሁን። ጤፉ ይታጨዳል፣ ሽምብራው ገና እሸት ነው። ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፣ ጥቁሩ መረሬ አፈር በያዘው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። ልጆቹ ቅጠሉን ዳብሰው ጣታቸውን ይላሱ፤ ይኮመጥጣል፣ ተክሉ ራሱ የሚያወጣው አሲድ ነው። ካስፈቀድክ አንዱን አረንጓዴ ተክል ከነሥሩ በቀስታ ንቀሉ። ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ታያላችሁ፣ አንዱን በጥፍር ብትከፍሉት ውስጡ ሮዝ ነው። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሉ ምግብ የሚሆነው እዚያ ውስጥ ነው። የእናንተ ቤት ሽሮ ፕሮቲን መነሻው ይሄው ነው፣ ይህን ከመጽሐፍ ማሳየት አይቻልም።

እንግዳ ናችሁና እርጎ ወይ ወተት ይቀርብላችኋል። ጾም ሳይሆን ጾም ነው አትበል። «አንጠጣም፣ እግዜር ይስጥልን፣ ቡናውን እንጠጣለን» ማለት ይበቃል፤ ቆሎ ከቀረበ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘግኑ። እሸቱን ለመልቀም ባለማሳውን አስፈቅድ፣ ዋጋውን ሳትከራከር ክፈል፣ ልጆቹ የረገጡትንም ጨምረህ።