ለሊሾ ወለል የትኛው የመስመር ቅርጽ? (መልስ)

የሳሎንህን ሊሾ (ለስላሳ የሲሚንቶ ወለል) በግራይንደር ለውበት መስመር ቆርጠህበት ቀለም ልትቀባው አስበህ፣ የትኛው ቅርጽ እንደሚሻል ጠይቀሃል። ለ4 በ5 ሜትር ሳሎንህ ሰያፍ ካሬ ምረጥ፤ ጎኑ 60 ሳንቲሜትር ይሁን። ግድግዳው ትንሽ ጠማማ ነው ብለሃል። ከግድግዳ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ጠማማነቱን ያጋልጠዋል፤ ሰያፉ ይደብቀዋል። ያሰብከው የጡብ ቅርጽ ያምራል፣ ግን መስመሩ ስለሚበዛ ክፍሉን ያጨናንቀዋል።

መጀመሪያ ወለሉን በሙሉ በጠመኔ አስምረው። አንድ ቀን ተወውና ከበሩም ከሶፋውም ሆነህ እየው። ድሮ የተቆረጠ መስመር ካለ ቅርጹን ከእሱ ጀምር። ለውበት ከሆነ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ይበቃል።

አደራ፣ ቀለሙን ከመቀባትህ በፊት የግራይንደሩን ብናኝ ከየመስመሩ አጥበህ አውጣ፤ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። እኔ ቸኩዬ በመጥረጊያ ብቻ አለፍኩት። ቀለሙ ብናኙን እንጂ ሲሚንቶውን አልያዘም። በየመስመሩ ዳር ነጣ ያለ ምልክት ቀረ፤ እስካሁን አለ።